ዘይት የሚጠጣው ጆንያ

ከማስታወሻ ደብተሬ፣ ጅግጅጋ፣ መስከረም 17 ቀን 2015

ለሰይፈ ልጽፍለት ቆርጫለሁ። ሰይፈ የእናቴ አጎት የልጅ ልጅ ነው። አዲጋላ ባቡር ጣቢያ አድጎ አሁን ጅቡቲ ባለ የነዳጅ ዴፖ፣ የፈሰሰ ናፍታና ዘይት ከሚያጸዱት ሰዎች ጋር ይሠራል። ዴፖው ስልካቸውን በር ላይ ስለሚቀበላቸው ቀን አይገኝም፤ ማታ ሲገኝ ደግሞ ሰላምታው ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል። የጭነት መኪና ሹፌሩ ዋበሪ በደወሌ በኩል ስለሚመላለስ ደብዳቤ ይሻላል። የምልከውን ግልባጭ፣ የሚመጣልኝን ዋናውን፣ እዚሁ ደብተር ውስጥ አኖራለሁ።

ጅግጅጋ፣ መስከረም 18 ቀን 2015

ለወንድሜ ለሰይፈ፣

የባሕሩ ወበቅ ሳይበግርህ፣ የምትረግጠው መሬት ሳያንሸራትትህ ይህ ወረቀት በጤናህ ይድረስህ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ስነሣ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በግቢዬ ውስጥ የባጃጅ መጠገኛ እንደከፈትሁ ታውቃለህ። እኔ መለዋወጫ ከቶጎ ጫሌ አመጣለሁ፤ ኤልሚ የሚባል መካኒክ ይጠግናል፣ ዘይት ይቀይራል። የአምስት ልጆች አባት ነው፤ እጁ ወርቅ፣ አፉ ቁጥብ። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ደግሞ ጎረቤቴ ሆዳን አለች። ሆዳን የምትተዳደረው በቢርካዋ ነው። ቢርካ እዚህ ከመሬት በታች የሚገነባ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ሲዘንብ ከጣሪያ ይሞላል፣ በበጋ ቦቴ ይገለብጥበታል። ከዚያ እየቀዳች ለአህያ ጋሪዎች ትሸጣለች፤ ግማሹ ሰፈር የሚጠጣው የእሷን ውሃ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ የተቃጠለ ዘይት የያዘ ጄሪካን ተገለበጠብን። ከአናጢ ቤት ያመጣሁት ሰጋቱራ ነበረን፤ ግን ግድግዳ ሥር ሜዳ ላይ የተቀመጠ ነበር። ዝናቡን ቀድሞ ጠጥቶ ኖሮ፣ ብንበትነው እንደ ጠገበ እንግዳ አልቀምስም አለ። ዘይቱ በጎርፉ ላይ ተንሳፍፎ በአጥሩ ሥር አለፈና ከቢርካው አፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሆዳን የጮኸችውን ጩኸት አንተም እዚያ ሆነህ ሳትሰማው አትቀርም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ሐጂ ባሬ እንዲህ ብለው ጨረሱት፤ «ለዛሬው ይቅር ተባባሉ። ዘይት ሁለተኛ ይህን አጥር ከተሻገረ ግን ጋራዡ ከግቢው ይወጣል። ዳግመኛ አንለምንበትም።» ፈረምሁ። ጋራዡ ከግቢዬ ወጣ ማለት ተዘጋ ማለት ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ ቤት የምከራይበት አቅም የለኝም። ኤልሚስ ወዴት ይሄዳል?

እናንተ ያን ሁሉ ዘይት የምታደርቁበት ነገር ምንድን ነው? ንገረኝ። ከቻልህም ላክልኝ።

እህትህ አመለወርቅ

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2015

ለእትዬ አመለወርቅ፣

ሰላምታዬ ደወሌ ኬላ ላይ ሳይፈተሽ፣ ቀረጥ ሳይጠየቅበት ይድረስሽ። ጉልበትሽን አምላክ ያለስልስልሽ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሁለቱን ጊዜ በሆዳን ጩኸት ሳቅሁ፤ በሦስተኛው የሐጂ ባሬ ቃል ገባኝና ሳቄን ተውሁት።

ከዋበሪ ጋር ሁለት ጆንያ ልኬልሻለሁ። ጫፋቸው ስለተቀደደ አለቃዬ ውሰደው ብሎኝ ነው፤ ፈቃዱን የጻፈበት ወረቀትም አብሮ አለ። ውስጡ ያለው በእሳት የደረቀ ሸክላ ነው፤ እንደ ዶሮ መኖ የደቀቀ። ዘይት ሲፈስ መሐሉ ላይ አትጣይው፤ በጎን ያመልጥሻል። መጀመሪያ ዙሪያውን እንደ ግድብ ክበቢው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ እየሞላሽ ግቢ። ሲጠጣ በመጥረጊያ አሽተሽ ሰብስቢው።

አሁን አቀማመጡን ስሚኝ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህ ነገር ውሃና ዘይት አይለይም። መሬት ላይ ካስቀመጥሽው እርጥበት እየሳበ ሳታውቂው ይጠግባል፤ ሰጋቱራሽም የሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ይሁን። ዘይቱ ካለበት ከዐሥር እርምጃ በላይ አይራቅ። ያገለገለውን በፍጹም ወደ ንጹሑ እንዳትመልሺ፤ ለብቻው በብረት ጣሳ፣ ክዳኑ ግጥም ያለ፣ ከብየዳ የራቀ። በተለይ ዘይት የጠጣ ሰጋቱራና ጨርቅ ተከምሮ ከዋለ ማንም ሳይለኩሰው ከውስጥ ይግላል። ሲጨስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለዚህ ሁሉ ትምህርት ክፍያዬ በርበሬ ነው። እዚህ ወጥ ቀይ የሚሆነው በቲማቲም ነው፤ ሰለቸኝ።

ወንድምሽ ሰይፈ

ከማስታወሻ ደብተሬ፣ ኅዳር 6 ቀን 2015

ጆንያዎቹ ደረሱ። የሰይፈን ቃል በሙሉ ፈጽሜያለሁ፦ ርብራብ፣ ክዳን ያለው በርሜል፣ ከዘይቱ ስምንት እርምጃ። ያስቀመጥሁት የመለዋወጫ መጋዘኔ ውስጥ ነው፤ ቆለፍሁበት። ኤልሚ «ቁልፉስ?» አለኝ። «ስትፈልገው ትጠይቀኛለህ» አልሁት። «ዘይቱ ፈቃድ ጠይቆ ይፈሳላ» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ቶጎ ጫሌ ላይ እንዲህ ያለ ጆንያ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቄያለሁ። ሜዳ ላይ የሚተው ዕቃ አይደለም።

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 8 ቀን 2015

ለወንድሜ ለሰይፈ፣

እጅህ ይባረክ፤ የሰጠ እጅ አይጠር። ጆንያዎቹ ሳይጎድሉ ደርሰዋል። ጥሩ ቦታ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ሐሳብ አይግባህ። በርበሬውን ዋበሪ ይዞልሃል፤ የላይኛው ላስቲክ ቀለል ያለ ነው፣ የታችኛው የእኔ ነው፣ ተጠንቀቅ።

ሦስት ጆንያ ብትጨምርልኝ ደስ ይለኛል። ሌሎች ጋራዦችም ዓይናቸውን ጥለውበታል። ሆዳን እስካሁን ሰላምታዬን በአንገቷ ነው የምትመልሰው፤ አፏ ገና አልታረቀኝም።

እህትህ አመለወርቅ

ጅቡቲ፣ የካቲት 12 ቀን 2015

ለእትዬ አመለወርቅ፣

የዘገየሁት በስንፍና እንዳይመስልሽ፤ ጤናና ሰላም ለቤትሽ ይሁን።

ስለ ጆንያው ለጊዜው አልቻልሁም፤ የመጋዘኑ ሰው ተቀይሯል። በርበሬው ግን ለጎረቤት ተርፏል፤ የታችኛውን የቀመሰ አንድ ወዳጄ እስከ ዛሬ አይን አይኔን ያየኛል።

አንድ ነገር ከነከነኝ። «ጥሩ ቦታ አስቀምጫለሁ» ብለሽኛል። ለሸቀጥ ጥሩ የሆነ ቦታና ለዚህ ነገር ጥሩ የሆነ ቦታ አንድ አይደሉም። የት ነው ያስቀመጥሽው? ጻፊልኝ።

ደግሞስ፣ ጅግጅጋ አንድ ክፍል ቤት አሁን ስንት ይከራያል? የሚጠይቅ ጓደኛ አለኝ።

ሰይፈ

ከማስታወሻ ደብተሬ፣ የካቲት 20 ቀን 2015

የክፍል ኪራይ መጠየቁ ከንክኖኝ፣ ባለፈው ረቡዕ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሰይፈ ጋ ደወልሁ። ጠራ፤ አልተነሣም። ዴፖ ውስጥ የሚሠራ ሰው ስልክ በዚህ ሰዓት በር ላይ ተዘግቶ ነው የሚውለው። ከሰዓት ዋበሪን ጎማ ሲፈትሽ አገኘሁት።

«ሰይፈ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።» ጎማውን እያየ።

«ጎማው አይደለም የጠየቀህ፤ እኔ ነኝ። ቀና በል።»

ቀና አለ። «ከገና ጀምሮ ሥራ የለውም፤ ሠራተኛ ቀነሱ። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል።»

«እና አሁን መሐላህን አፈረስህ?»

«አንቺ ነሽ ያፈረስሽው፤ እኔ ጎማ ላይ ነበርሁ።»

ለሰይፈ ወዲያው መጻፍ አለብኝ። ነገር ግን ጆንያው የት እንዳለ ጠይቆኛል፤ ብነግረው ምን እንደሚል ስለማውቅ ብዕሬን መልሼ አስቀመጥሁ።

ጅግጅጋ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2015

ለወንድሜ ለሰይፈ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ለእኔ ግን ሰላም አይደለም። ስላልመለስሁልህ ጥያቄ ልመልስልህ። ጆንያህን መጋዘን ውስጥ አስገብቼ ቆልፌበት ነበር። ቁልፉ ወገቤ ላይ ነበር። ከትናንት በስቲያ ወገቤ ቶጎ ጫሌ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ኤልሚ ደወለ።

«እትዬ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ የት ነው? የተቃጠለ ዘይት ያለበት በርሜል ተገለበጠ!»

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ አፌ ላይ የመጣው «ምን ያህል ፈሰሰ?» የሚለው ነው። እሱ ሲመልስልኝ መስመሩ ተቋረጠ። «ስበረው» ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። ደጋግሜ ብደውል አልገባ አለኝ። መኪና ተሳፍሬ እስክደርስ ድረስ የጠየቅሁትን ጥያቄ እያኘክሁ መጣሁ።

የሆነውን ኤልሚም ሆዳንም ነግረውኛል፤ ቃላቸው አይለያይም። ኤልሚ የበሩን ጋን ቁልፍ አልሰበረም፤ ባለቤቷ የሌለችበትን ቤት አልሰብርም ብሎ በአካፋ አፈር ያለብሳል። ደመናው ከብዷል። ሆዳን የኤልሚን ጩኸት ሰምታ እንጨት የምትፈልጥበትን መጥረቢያ እንደያዘች ገባች።

«ምን ትቆፍራለህ? ያ የጅቡቲ አፈር የት አለ?»

«መጋዘን ውስጥ። ተቆልፎበታል።»

«ክፈተዋ!»

«ቁልፉ ቶጎ ጫሌ ነው።»

«ቁልፉ ቶጎ ጫሌ፣ ዘይቱ እኔ በር! ወላሂ ጉድ ነው። ፈቀቅ በል።»

«ሆዳን፣ የሰው ቤት ነው። ነገ ሌባ ይሉሻል።»

«ውሃ የሌላት ከሚሉኝ ሌባ ይበሉኝ!»

ጋን ቁልፉን ሦስት ጊዜ መታችው፤ በሦስተኛው ወደቀ። ኤልሚ የሸክላውን በርሜል አወጣ፤ አንተ እንዳልኸው ዙሪያውን ከበቡት፤ ጠጣው። በእውነት ጠጣው፤ መሬቱ ላይ የቀረው ጥላ ብቻ ነው። ሆኖም እስከዚያ ድረስ ዘይቱ በአጥሩ ሥር አንድ ክንድ ተሻግሯል። ጥቂት ቆይቶ ዘነበ። የቢርካው ጠርዝ ስንጥቅ አለው፤ ጠብታ ገብቶ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ሐጂ ባሬ መጥተው አዩና ቢርካው ለሦስት ሳምንት እንዲዘጋ አዘዙ። «ዘይት ውሃ ላይ አይደበቅም፤ ይረጋና ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ እንቀመጣለን» አሉ። ሆዳን ጋሪዎቹን ባዶአቸውን ትመልሳለች። እኔ ለቤቷ በቦቴ ውሃ አስመጥቼላታለሁ፤ ተቀበለች፣ ግን አላየችኝም። በፈረምሁት ቃል ከሄድን ጋራዡ አልቆለታል፤ ዘይቱ አጥሩን ተሻግሯልና። ኤልሚ መፍቻዎቹን አጥቦ በሣጥን ደርድሯል፤ እኔ አድርግ አላልሁትም።

ሽማግሌዎቹ ፊት የምይዘው ሐሳብ ስጠኝ። ሥራህን ማጣትህንም አውቃለሁ። አንተ ሥራህን ደበቅኸኝ፣ እኔ ቁልፌን ደበቅሁህ፤ ተካክለናልና ከእንግዲህ አንደባበቅ።

እህትህ አመለወርቅ

ጅቡቲ፣ ግንቦት 1 ቀን 2015

እትዬ፣

ዋበሪ ሊነሣ ስለሆነ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ፤ አምላክ ከጭንቀትሽ ያውጣሽ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ርብራብ አልሁ፣ ክዳን አልሁ፣ እርምጃ ቆጠርሁ፤ ቁልፍ ግን አላነሣሁም። እኛ ጋ ያን ነገር የሚቆልፍ ሰው ስላላየሁ፣ ይቆለፋል ብዬ አላሰብሁም። አንቺ ሱቅ ውስጥ ያረጀሽ ነጋዴ መሆንሽን ረሳሁ።

የምትይዢው ሐሳብ ይህ ነው። ዴፖ ውስጥ የመጀመሪያው አለቃዬ ጆንያ ከማስቀመጡ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር፤ «እዚህ ዘይት ቢፈስ ቀድሞ የሚያየው ማነው?» የሚያየውን ሰው አግኝቶ እሱ እጅ አጠገብ ያስቀምጠዋል። የጥበቃው ወንበር ሥር እንኳ አስቀምጦ ያውቃል። አንቺም ጠይቂ።

ከዚህ በኋላ ከእኔ ጆንያ አይመጣም። ሰጋቱራሽን ግን አትናቂው። ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ይሰጣ፣ በወንፊት ይነፋ፣ ትኩስነቱ ሳይበርድ በርሜል ውስጥ ይከደን። ከሸክላው ትንሽ ቢሰንፍ ነው። ሥራው ቢሄድም ሥራውን አውቃለሁ።

ስለ ሥራዬ ያልነገርሁሽ አፍሬ ነው። አዲጋላ ስትመጪ «ሰይፈ ጅቡቲ ደረሰ» እያልሽ ታወሪልኝ ነበር፤ ወሬሽን እንዳላበላሽብሽ ብዬ ነው። ክፍል የሚፈልገው ጓደኛም እኔው ነኝ።

ሰይፈ

ጅግጅጋ፣ ግንቦት 11 ቀን 2015

ለወንድሜ ለሰይፈ፣

ምድሩ ሁሉ ይመችህ። ይህን ደብዳቤ ዓርብ ጀምሬዋለሁ፤ ሽማግሌ የሚቀመጠው እሑድ ስለሆነ ያን ጊዜ እጨርሰዋለሁ።

ከፍርዱ በፊት ያንተን ጉዳይ ልጻፍ፤ ከፍርዱ ጋር እንዳይያያዝ። ከጓዳ በኩል ያለው ክፍል ባዶ ነው። ኪራይ አትጠይቀኝ፤ ዘመድ እንጂ ተከራይ አልፈልግም። የእኔ ጋራዥ ቢዘጋ እንኳ ከተማው ሙሉ ጋራዥ ነው። የሆዳን መጥረቢያ ወሬ ሰፈሩን ዞሮ ሦስት ባለጋራዦች «ያ ነገር እንዴት ነው የሚቀመጠው?» ብለው መጥተዋል። ለአንዱ ርብራቡን አሳየሁት። ለሁለተኛው ያገለገለውን ለብቻ አድርግ አልሁት። ሦስተኛው የማላውቀውን ጠየቀኝ። የምታውቀው አንተ ነህ። ና። የመጣኸው ተሸንፈህ ነው የሚል ካለ እኔ ጋ ላከው።

እሑድ ነው። አሁን ስማኝ።

ሽማግሌዎቹ ሆዳን ግቢ ጥላው ሥር ተቀመጡ። ኤልሚ ቆሞ ነበር፤ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ። ቀድሜ ተናገርሁ። ዘይቱ አጥሩን ተሻግሯል፣ ፊርማዬም አለ፣ አልክድም አልሁ። ጆንያውን የቆለፍሁት እኔ ነኝ፤ ኤልሚ ታማኝ ሆኖ ነው የተጎዳው አልሁ። ከዚያ ጥያቄህን ጠየቅሁ፤ «እኔ ግማሹን ሳምንት መንገድ ላይ ነኝ። ኤልሚ ከሞተር ሥር ተኝቶ ነው የሚውለው። ዘይት ሲፈስ ቀድሞ የሚያየው ማነው?»

ሁሉም ሆዳንን አያት።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች።

«አንቺ ከቢርካሽ አትለይም» አልኋት። «በርሜሉ አጥሩ ሥር ይቁም። ከቆርቆሮው አንድ መስኮት ቆርጬ እከፍታለሁ፤ ከእኔ ወገንም ከአንቺ ወገንም እጅ ይገባ። ቁልፍ አይኖረውም።»

«እና እኔ የአንቺ ዘበኛ ልሁን?»

«የውሃሽ ዘበኛ።»

«የውሃዬማ ድሮም ነኝ!» አለችና ወደ ሐጂ ባሬ ዞረች። «መስኮቱ ከእኔ ወገን ዝቅ ይበል፤ እኔ እንደ እሷ ረጅም አይደለሁም።»

ሐጂ ባሬ ጢማቸውን ዳበሱ። ቀጥለው የተሰበረውን ቁልፍ አነሡ፤ የሰው ቁልፍ መስበር በደል ነውና። ካሳ አልጠይቅም አልሁ። ሆዳን ግን ዕዳ አልወድም ብላ ከጉያዋ አዲስ ጋን ቁልፍ አውጥታ ሰጠችኝ። ሁለት መክፈቻ ነበረው፤ አንዱን ለእኔ ሰጥታ ሌላውን መልሳ ከጉያዋ ከተተችው። እኔም የእኔን ወገቤ ላይ አሰርሁ።

ከዚያ ሐጂ ባሬ ፍርዱን ተናገሩ። «አጥሩን ወሰን ያደረግነው ለቆርቆሮ ብለን አይደለም፤ ለውሃ ብለን ነው። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ጋራዡ ይቀመጣል፣ በርሜሉም አመለወርቅ ባለችው ቦታ ይቆማል። ውሃው ዘይት ካለው ጋራዡ ነገ ይወጣል። ቅጂ።»

ሆዳን የቢርካውን ክዳን አንሥታ ባልዲ አወረደች። ጎትታ አወጣችና በብርጭቆ ቀድታ ሰጠቻቸው። ሐጂ ባሬ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥተው አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት። «ዓይኔም አፍንጫዬም አርጅተዋል» አሉ። «ንጹሕ ነው የሚል ይጠጣው።»

ብርጭቆውን ተቀብዬ እስከ ሥሩ ጠጣሁት። የሲሚንቶና የአፈር ጣዕም አለው፤ ሌላ ምንም የለውም። «ንጹሕ ነው» አልሁ።

«የሷን ፊት እንዳታምኑ!» አለች ሆዳን። «ነጋዴ ናት፤ መርዝ ብትጠጣም ጥሩ ዕቃ ነው ነው የምትለው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ብርጭቆውን ከእጄ ወስዳ ራሷ ቀዳች። አፏ ውስጥ ጥቂት አቆየችው፤ ዋጠችው። ደግማ ቀዳች፤ ያንንም ጠጣች። ከዚያ ሄዳ የውጭውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ወሬውን ሰምተው ከማለዳ ጀምሮ የተሰለፉትን ባለጋሪዎች «ምን ትገተራላችሁ?» አለቻቸው። «ግቡ!»

እህትህ አመለወርቅ